የአጎንብስ ወለል

ኤንትሬዋ፣ የሰማን አሮጌ የጭነት መኪና፣ ከሚዛን ወደ ሸኮ የሚወስደውን ቁልቁለት በጭቃው ላይ ጅራቷን እየወረወረች ትወርዳለች። ባዘዘው አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ የጋቢናውን ጣሪያ ጨብጧል፤ በሌላው ኮፍያውን ይዟል። መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ካቻምና ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ መጎንበስ የሚባል ነገር አይችልም። ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ናት። የወደቀበትን ዕቃም አላፊ አግዳሚ ካላነሣለት እዚያው ቀረ ማለት ነው። ዛሬም ሚዛን ገበያ ላይ ወሬውን ሲሰማ የጨው ቋጠሮው ከእጁ አምልጦት ጭቃው ላይ ጥሎት መጣ።

ወሬው አጭር ነበር። የታችኛው መንደር ሰዎች ዶማና መጥረቢያ ይዘው ተነሥተዋል፤ የእሱ ቤት ያለባትን ደጅ፣ አጎንብስን፣ ሊያፈርሱ ነው።

"ሰማን፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ከእነሱ በፊት አድርሰኝ።"

"ጋሽ ባዘዘው፣ ወላሂ ከዚህ በላይ ብነዳት የምንደርሰው ገደሉ ውስጥ ነው።" ሰማን የጅማ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከቴፒና ከሸኮ ቡና ሲያመላልስ የኖረ፣ መንገዱን ሁሉ በየጉድጓዱ የሚያውቅ። "ደግሞስ ደርሰህ ምን ታደርጋለህ? ልትደባደብ ነው? ጎንበስ ብለህ ድንጋይ እንኳ ማንሣት የማትችል ሰውዬ!"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እንግዲያስ እኔን ስማኝ። መኪናዋ ባዶ ናት። እትዬ የሺሃረግንና ዕቃችሁን ልጫንና ቴፒ ላድርሳችሁ። እኅትህ እዚያ አይደለች? ቤት እንደሆነ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ሌላ ይሠራል።"

ቴፒ እኅት አለችው፤ ክፉም አይደለችም። ቤቱ ግን ያ ብቻ ነው። አባትና እናቱ ከዚያ ቤት ወጥተው ተቀብረዋል፤ ልጆቹ በሙሉ እዚያው ጓዳ ውስጥ ተወልደው፣ አድገው፣ በየፊናቸው ሄደዋል። በዚህ ዕድሜው በሰው ቤት ጥግ ይዞ መቀመጥ አልዋጥ አለው።

ጊዜው ሰኔ ሰማንያ ሦስት ነው። መንግሥት ከወደቀ ገና ብዙም አልሰነበተም። የተበተነው ወታደር ካኪውን በገበሬ ሱሪ እየለወጠ በየመንደሩ ውኃ እየለመነ ያልፋል። ሚዛን የገቡት ታጋዮች ጸጉራቸውን አንጨፍርረው፣ በኮንጎ ጫማ፣ ክላሻቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈው ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ይቆማሉ። ከሁሉ የሚያስቀው የአጠራሩ ነገር ነበር። "ጌታዬ" ከተረሳ ሰንብቷል፤ "ጓድ" ማለት ባለፈው ወር ግዴታ ነበረ፣ በዚህ ወር ያስፈራል፤ "ታጋይ" ለማለት ደግሞ ምላስ ገና አልለመደም። ስለዚህ የሚዛን ሰው ባለሥልጣን ባየ ቁጥር ጉሮሮውን ጠራርጎ "እ... እንደምን ዋሉ" ብቻ ብሎ ያልፍ ነበር።

አጎንብስ ግን ይህን ሁሉ አልፋ እንደ ቆመች ናት።

አጎንብስ ያለችበትን መናፈሻ ያሠሩት ፊታውራሪ ዓለምሰገድ ናቸው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ይህን አገር ተሾመው ሲመጡ ከጫካው መሐል ሰፊ መሬት አስመንጥረው ጽድ፣ ብርቱካንና ጽጌረዳ አስተከሉ፤ ምንጩን አስገድበው ዳክዬ አስለቀቁበት። አገሬው ዛፍ ቆርጦ ዛፍ መትከል ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም ነበር። ፊታውራሪው ግን እንግዳ ሲመጣባቸው በበቅሎ ሆነው በጽዱ መሐል ማለፍ ይወዱ ነበር። ለዚያ በር ያስፈልጋል፤ በር ካለ ደግሞ በረኛ ይኖራል።

ግንበኛው ከጎንደር መጣ። ከወንዝ የወጣ ጥቁር ድንጋይ በኖራ እያያያዘ በቅሎም መኪናም የሚያሳልፍ ቅስት አቆመ፤ በቅስቱ አናት ላይ የአንበሳ ራስ ቀረጸ። ከቅስቱ ጎን ደግሞ ግድግዳው ክንድ ተኩል የሚወፍር ክብ ቤት አስጠግቶ ገነባ። ጣሪያው በመጀመሪያ ሣር ነበረ፤ ቆርቆሮ የለበሰው በኋላ ነው። ይህ የበረኛው ቤት ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ማንም ዶማ ይዞ ባልተነሣ ነበር። ፊታውራሪው ግን እግረኛ በትልቁ በር እንዲገባ አልፈለጉም። በክቡ ቤት ሆድ ውስጥ የምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ አስወጡ፤ በረኛው መደቡ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ እንዲያይም ትንሽ መስኮት አስከፈቱባት። የመተላለፊያዋ ጉበን፣ ከበሩ አናት የሚጋደመው እንጨት፣ በሰው ደረት ልክ እንዲሆን አዘዙ። "ወደ እኔ የሚመጣ ሁሉ አጎንብሶ ይግባ" አሉ። ጢሰኛው ማሩን፣ ቡናውን፣ ኮረሪማውን ተሸክሞ አጎንብሶ ገባ። የደጇም ስም በዚያው አጎንብስ ሆኖ ቀረ።

ጉበኗን ጠርቦ የገጠማትና ወለሏን ያነጠፈው ከፈለኝ የሚባል፣ ከአገሬው የሸኮ ሕዝብ የሆነ የታችኛው መንደር ሰው ነበር። ስሙን የሰጡት ፊታውራሪው ናቸው፣ ክርስትና ሲያስነሡት። ምስጥ የማይደፍረውን ጥቁር እንጨት ከጫካ አውጥቶ፣ በመጥረቢያና በመሮ አለዝቦ፣ ቤቱ በሙሉ እሷ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ አስገባት። መንደሩ ይህን አልረሳለትም። የገዛ ወገኑን የሚያጎነብስ ጉበን ጠረበ ተባለ። ስሙ ቀርቶ "የአጎንብሱ ሰውዬ" ሆነ።

ባሻ ወልደጻድቅ፣ የባዘዘው አባትና የመጀመሪያው በረኛ፣ ወለሉ በየዓመቱ እንዲታደስ ያዙ ነበር። ከፈለኝም በየዓመቱ በበጋ አንድ ቀን ይመጣል። የተነጠፉትን ጠፍጣፋ የወንዝ ድንጋዮች ያነሣል፣ ከሥራቸው ያለውን አፈር ይጠርጋል፣ ድንጋዮቹን መልሶ ይነጥፋል፤ ሲመሽ የጠረገውን አፈር በቅርጫት ተሸክሞ ይሄዳል። ፊታውራሪው ሞቱ፤ ከፈለኝ መጣ። ደርግ መናፈሻውን ወርሶ የቡና ችግኝ ጣቢያ አደረገው፤ ከፈለኝ መጣ። የጣቢያው ኃላፊ "ማን ጠርቶህ ነው?" ቢሉት "ወለሉ" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ባሻ ወልደጻድቅ በረኝነቱን ለባዘዘው አውርሰው የሞቱት እንኳ እንደ ከፈለኝ ያለ ታማኝ ሰው አላየሁም እያሉ ነው።

በደርግ ጊዜም ቢሆን ትልቁ በር ለጣቢያው ላንድሮቨር ሆነና ሠራተኛው በአጎንብስ ቀረ። የአንበሳው ራስ በመዶሻ ተመትቶ ወርዶ በቦታው የቆርቆሮ ኮከብ ተሰቀለ፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚል ቀይ ጽሑፍም በቅስቱ ላይ ተጻፈ። ሴቶቹ ከጽሑፉ ጎን፣ የችግኝ አፈር ተሸክመው፣ እየተጎነበሱ ይገባሉ።

ከፈለኝን የማትወደው የባዘዘው ሚስት የሺሃረግ ነበረች። ምክንያቷ ውኃ ነው። እሱ ወለሉን ባደሰ ቁጥር፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከመንገዱ ወደ መተላለፊያው፣ ከመተላለፊያው በግድግዳው ሥር ሾልኮ ወደ ጓዳዋ ይገባባታል። "ይኼ ሰውዬ ወለል ነው የሚሠራው ወይስ ጉድጓድ ነው የሚቆፍረው?" እያለች በየክረምቱ ከአጎንብስ በፊት ባለው ተዳፋት ላይ የጭቃ ግድብ ታቆማለች። ከፈለኝ በየበጋው ሲመጣ ምንም ሳይናገር ግድቧን ይንደዋል። ይህ ጠብ ልጆቻቸው አድገው እስኪያገቡ ድረስ ቆየ።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ቅንድቡ ሳይቀር ሸብቶ ነው። ድንጋዮቹን ነጥፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ መተላለፊያዋን ለረጅም ጊዜ አያት።

"ባዘዘው፣ ከእንግዲህ አልመጣም" አለ። "ወለሉ አልቋል።"

ባዘዘው እርጅናው ነው ብሎ አዘነለት። ከፈለኝ በዓመቱ ሞተ።

ኤንትሬዋ መታጠፊያውን ስትዞር ቅስቱ ታየ። ኮከቡ ባለፈው ሳምንት ማን እንዳወረደው ሳይታወቅ ወርዶ የቀረው ባዶ ሚስማር ብቻ ነው። የሺሃረግ ዕቃዋን በአንሶላ ቋጥራ፣ ቋጠሮው ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ከካፊያው ተከናንባ ከደጅ ትጠብቃለች።

"ጨውስ?" አለችው ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

"ጣልኩት።"

"እሰየው። እኔም ቤት ልጥል ነው።" ድምፅዋ ተሰበረና ወዲያው ቆጣ አለች። "ሰማን፣ አትቁም እንጂ፣ አውርደው! ወገቡ እንደሆነ ታውቃለህ!"

ሰማን አቅፎ አወረደው። ወዲያውም ቋጠሮውን አንሥቶ መኪናው ላይ ወረወረ፤ ሌላ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ሳጥኑን እየጎተተ ሲወጣ ሰዎቹ ከታች በኩል ብቅ አሉ።

አልጮኹም፤ አልዘፈኑም። ባዘዘውን ያስፈራውም ይኸው ዝምታቸው ነበር። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ጎልማሳውም፣ በካፊያው ውስጥ ዝም ብሎ ይመጣል። ከፊት ያለውን ረጅም ሰው አወቀው፤ ጥበቡ ነው፣ የከፈለኝ ልጅ። ማዕረግ የሌለው የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ ዶማ ተሸክሟል። ከወሎ ግንባር በእግሩና በልመና መንደሩ የገባው በቅርቡ ነው። አባቱ ሲሞት አልደረሰም።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ ባዘዘው።"

"ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ። እንኳን በሰላም ገባህ። የአባትህን ነፍስ ይማር።"

ጥበቡ ዶማውን ከትከሻው አወረደ። "የመጣሁት በአባቴ ጉዳይ ነው። መቃብሩን አሳዩኝ ብል ምን አሉኝ መሰለህ? 'የአጎንብሱ ሰውዬ መቃብር ያውልህ' አሉኝ። ስም የለውም። ወታደር ቤት ሳለሁ ስንቱ ጓደኛዬ ሞቶ ስም ሳይኖረው ሜዳ ላይ ቀርቷል። አባቴ ግን አገሩ ላይ፣ ወገኑ መሐል ነው የተቀበረው። ይህች ጉበን እስካለች ድረስ ስም አይኖረውም።" ወደ ሰማን መኪና አመለከተ። "ሰው አንነካም። ዕቃችሁን አውጡ። ከዚያ እናፈርሳታለን።"

"ጉበኗን ብቻ ብታወጧትስ?" አለ ባዘዘው። ልመና እንዳይመስልበት ፈልጎ ነበር፤ መሰለበት።

"ጉበኗ ከወጣች ቤቱ ይወርዳል። አንተም ታውቃለህ። እንደዚያ አድርጎ የገጠማት እሱ ነው።"

ያውቃል።

ከሰዎቹ መሐል በየነች የምትባል ሴትዮ ወጣች። የባዘዘው እኩያ ትሆናለች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ አሳየች።

"ልጅ ነበርኩ" አለች። "ማር ይዤ መጣሁ። አላጎነበስኩም፤ አላወቅኩም። እሷ መታችኝ። ማሩ ፈሰሰ፣ ደሜም ፈሰሰ። የአንተ አባት ሳቁ። አንተም በመስኮት ታየኝ ነበር።"

ባዘዘው አስታወሰ። ሳቁን ሳይሆን ማሩን ነው ያስታወሰው፤ ከድንጋዩ ላይ በጣቱ እየጠቀሰ እንደላሰው። ፊቱን እፍረት አቃጠለው። ከዚያች መስኮት ጀርባ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀመጥ ያየው ማጅራት ብቻ ነው። የአገሩን ሰው በማጅራቱ ነበር የሚለየው። ገበያ ላይ ቀና ብለው ሰላም ሲሉት ማንነታቸውን ለማወቅ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

"እሱም ያጎንብስ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "መጀመሪያ እሱ ይለፍባት!"

"አዎ፣ ይለፍ!"

"እናንተ ሰዎች!" የሺሃረግ በመሐል ገባች። ቁመቷ ከጥበቡ ክርን አይበልጥም፤ ጣቷን ግን እስከ አፍንጫው አደረሰችው። "ወገቡ በሽተኛ ነው! ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ! አጎንብሶ ካየኸው እኔ እዚህ ልቀበር!"

"ተይ፣ የሺ" አለ ባዘዘው።

"ምኑን ነው የምተወው?"

"ልክ ናቸው።" ኮፍያውን አጥብቆ አደረገ። "ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቃት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላለፍኩባትም። እኛ በትልቁ በር ነበር የምንወጣው፤ አባቴ እንደ ማዕረግ ያዩት ነበር። አልፋለሁ። መጎንበስ ግን አልችልም፤ ከመታችኝም ትምታኝ።"

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ጥበቡ እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ባዘዘው የሚስቱን የጭቃ ግድብ እንደምንም ተሻገረ። ተዳፋቱን ቀስ ብሎ ወረደ። ከመንገዱ ሲያያት ጉበኗ ደረቱ ላይ ነበረች። ከአሁን አሁን መታችኝ እያለ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ እጁን አጣምሮ ሄደ። ቀዝቃዛ ውኃ ጫማው ውስጥ ገባ። የረጠበ ኖራ ሸተተው። የኮፍያውን ጫፍ አንድ ነገር ነካና ለቀቀው፤ አሁን ግንባሬን ነው ብሎ ቆመ። ምንም የለም። አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ምንም የለም። ሌላም ተራመደ። ካፊያው ፊቱን ሲመታው ዓይኑን ገለጠ። ጽዶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ከፊቱ ቆመዋል።

ገና ያልገባ መሰለው። ከዚያ የሚስቱን ድምፅ ከኋላው ሰማ፤ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ፣ ስሙን እየጠራች።

ወገቡ ስለማይታጠፍለት በሙሉ ሰውነቱ ዞረ። በመተላለፊያዋ ውስጥ፣ በወዲያኛው አፍ፣ ጥበቡ ዶማውን እንደያዘ ቆሞ ያየዋል።

"አላጎነበስክም" አለ ጥበቡ።

"አልችልም አልኩህ እኮ።"

"ታዲያ እንዴት አለፍክ? ጉበኗን አንሥታችኋታል!"

"ማን ያነሣታል? ቤቱ እኮ ላይዋ ላይ ነው!"

ጥበቡ በቁጣ ገባ። ገና ከአፏ ሲደርስ ጀርባው በራሱ ጊዜ ታጠፈ፤ አንገቱ ወረደ። ችግኝ ጣቢያ ሲሠራ በልጅነቱ የለመደው ነው። ባዘዘው በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ያየውን ያንኑ ማጅራት አሁን ከፊት ለፊቱ አየው፤ አላስቻለውም።

"ልጄ፣ ቀና በል።"

"ምን?"

"ቀና በል። አትመታህም። በአባትህ ይሁንብኝ፣ ቀና በል።"

ጥበቡ አንድ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ፣ ምሽግ ውስጥ እንዳለ ሰው በጥንቃቄ፣ ቀስ እያለ ቀና አለ። በሙሉ ቁመቱ ቆመ። ከራሱ በላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀርቶት ጉበኗ አለች። እጁን ዘርግቶ ነካት። የአባቱ መሮ ያወጣው ምልክት አሁንም በእንጨቱ ላይ አለ፤ በጣቱ ተከተለው።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ተመለከቱ። ጥበቡ በርከክ ብሎ ከመቃኑ ላይ ሻጋታውንና ጭቃውን በእጁ ጠረገ። የጎንደሩ ግንበኛ ኖራ ከላይ ጀምሮ ይወርድና ከሰው ታፋ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው ኖራ ነክቶት የማያውቅ ሻካራ የመሠረት ድንጋይ ነው። የቀድሞው መሬት እዚያ ኖራው የሚያበቃበት ላይ ነበር። የወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሁን ያረፉት የመጨረሻው የመሠረት ድንጋይ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ጣት ቢወርዱ ቤቱ በቆመበት አይቆይም ነበር።

"ወለሉ አልቋል" አለ ባዘዘው በሹክሹክታ።

"ምን አልክ?"

"አባትህ ነው ያለው፣ የመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ። እኔ የደከመው መስሎኝ..." ባዘዘው ግድግዳውን ያዘ። "በየዓመቱ አፈር በቅርጫት ተሸክሞ ይሄዳል። ይዞ ሲሄድ እንጂ ይዞ ሲመጣ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ! እዚች መስኮት ላይ ተቀምጬ እያየሁት አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።"

ጥበቡ ውኃው ውስጥ እንደተንበረከከ ቀረ። ሲናገር ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። "ቤታችን ደጅ መደብ አለ። ከአፈር የተሠራ። በየዓመቱ ትንሽ ይጨምርበታል። እናቴ ትስቅበት ነበር፤ 'የእኛ አገር አፈር አልቆብህ ነው ከፊታውራሪ ደጅ የምትሸከመው?' ትለዋለች። እሱም ይስቅና እላዩ ላይ ቁጭ ይላል። ማታ ማታ እዚያ ላይ ካልተቀመጠ እራት አይበላም ነበር። እኔም ያደግሁት እዚያ ላይ ነው፣ ጋሽ ባዘዘው። እዚያ ላይ ተቀምጬ ነው እንደዚህ ባለ አባት አፍሬ ያለቀስኩት።"

አሁንም አለቀሰ። ዶማውን ትቶ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ባዘዘው አጎንብሶ ሊያነሣው አልቻለም፤ እጁን አናቱ ላይ አደረገለት።

"ምናለ ቢነግረን?" አለ ጥበቡ።

"ለእኔ ቢነግረኝ አባቴ ይሰሙና ያስደፍኑት ነበር።"

"ኋላስ? ፊታውራሪው ከሞቱ በኋላስ?"

ባዘዘው ወደ ጉበኗ ቀና ብሎ አየ። "እንጃ። አንድ ሰው ቀና ብሎ እስኪያገኘው ጠብቆ ይሆናል። ማንም ቀና አላለም እንጂ።"

ከውጭ ያሉት ምን እንደተፈጠረ አላወቁም። ጥበቡ ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ ወጣና በሸኮኛ ነገራቸው። ባዘዘው ቋንቋውን በግማሽ ነው የሚሰማው፤ የአባቱን ስም ግን ደጋግሞ ሰማ። ከፈለኝ አላለም። በሸኮኛ ስሙ ነበር የጠራው፤ ባዘዘው ያን ስም ከዚያን ቀን በፊት ሰምቶት አያውቅም።

መጀመሪያ የገባችው በየነች ናት። ገና ከአፏ ስትደርስ አጎነበሰች፤ አጎንብሳ እስከ ማዶ አለፈች። ከማዶ ሆና ያደረገችውን ስታውቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ረሳሁ!" አለች። "ቆዩ፣ ቆዩ፣ እንደገና!"

ተመልሳ መጥታ እንደገና ገባች። አሁንም አንገቷ ትንሽ ወረደ። በሦስተኛው ግን ሻሿን አውልቃ፣ ጠባሳዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጉበኗን ዓይኗ ሳይነቀል እያየች በቀስታ አለፈች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋ ይወርድ ነበር። ከዚያ መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ ሰዉ ተራ ያዘ። አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ከኋላ "ቀና በል!" ብሎ ይጮኽበታል። ቀና ማለት እንደዚያ እንደሚከብድ ባዘዘው አያውቅም ነበር። መስኮቱን ትቶ ከማዶ ቆሞ ፊታቸውን በየተራ እያየ ሰላም አላቸው።

"እንግዲህ!" አለ ሰማን ከመኪናው ላይ፤ ሳጥኑን ግማሽ ድረስ አንሥቶ ደክሞታል። "ላውርድ ወይስ ልጫን? አንዱን ንገሩኝ፤ እኔ ሸኮ ቡና የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ!"

"አውርድ" አለው ጥበቡ። ራሱ ሄዶ ሳጥኑን ተቀበለውና ወደ በረኛው ቤት አስገባው።

የሺሃረግ ይህን ሁሉ ከግድቧ አጠገብ ቆማ ታያለች። ባዘዘው ወደ እሷ ሊሄድ ሲል ቀድማው ወደ መተላለፊያው ገባች፤ ጥበቡ የጣለውን ዶማ ከውኃው ውስጥ አወጣች። ቤቷን ሊያፈርስ የመጣው ዶማ ከቁመቷ ይበልጣል። እየጎተተች ወጥታ የጭቃ ግድቧ ፊት ቆመች።

"አንተ ከፈለኝ" አለች። "አንተ ክፉ ሰው። ምናለ ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ? ስንት ክረምት ሙሉ ስረግምህ ኖርኩ። አሁን በምን አፌ ይቅርታ ልበልህ? ይኸው፣ አንተ በየበጋው የምትንደውን ዛሬ እኔው አፈርሰዋለሁ።"

ጥበቡ ዶማውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ገፋችው። ነጠላዋን አደግድጋ ዶማውን አነሣችና ግድቡን መታችው፤ ደግማ መታችው። የረጠበው ጭቃ ተናደ። ከኋላው ታቁሮ የነበረው ጎርፍ በተዳፋቱ ወርዶ፣ ቀና ብለው በሚያልፉት ሰዎች እግር መሐል በወለሉ ላይ አለፈና ወደ ጓዳዋ መግባት ጀመረ። የሺሃረግ ዶማውን ተደግፋ ቆማ ሲገባ አየችው።